ድክመት፦ ቢያንስ አንድ

ሥራዬ መመለስ ነው። ሰው ቤት ሊሠራ ሲያስብ ፕላኑን ጠቅልሎ ቢሮዬ ይመጣል። እኔም ፕላኑን ጠረጴዛዬ ላይ እዘረጋና፣ እንዳይጠቀለልብኝ አራቱን ማዕዘን በአራት ድንጋይ አስይዤ፣ ስህተቱን እፈልጋለሁ። ስህተት የሌለበት ፕላን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ደረጃው ሁለት ሣንቲሜትር ይጠባል፤ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ይፋጠጣል፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር ሲከፈት መታጠቢያውን ይገጫል። በቀይ እስክሪብቶ አከብና እመልሳለሁ። ሰውየው አርሞ ያመጣል፤ ሌላ አገኝለታለሁ። ባለጉዳዮቹ ከበሩ ውጭ ምን እያሉ እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ «ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ» ነው የሚሉኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሙገሳ እቆጥረው ነበር።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ስለ ሥራዬ ልነግራችሁ ብዬ አይደለም፤ ስለ ጨዋታዬ ልነግራችሁ ነው። ችግሩ፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸው ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ መሪ ይሆንና የሌለ አገር፣ የሌለ ደን፣ የሌለ ዘንዶ እየፈጠረ ይተርካል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራሉ፤ አስማተኛ ይሁን፣ ጦረኛ ይሁን፣ ሌባ ይሁን፣ እንደ ፍላጎታቸው። ከዚያ በዚያ ሰው አፍ እየተናገሩ ደኑ ውስጥ ይገባሉ። ነገር ሲከብድ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወረወራል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ተሳካ፣ ትንሽ ከወጣ ጉድ ፈላ። አሸናፊም ተሸናፊም የለም። ነገሩን ለቢሮ ሰው ሳስረዳ «እና ትርፉ ምንድን ነው?» ይለኛል። ትርፉ ያው ጨዋታው ነው።

ገጸ ባሕርይ የሚፈጠረው ደግሞ ቅጽ በመሙላት ነው። እዚህ ላይ ዓይኔ እንዴት እንደሚያበራ ገምቱ። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ብልሃት፣ ግርማ እያለ ይወርዳል፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል። ቀጥሎ የሕይወት ታሪክ፣ ቀጥሎ የያዘው ዕቃ ዝርዝር። ከሁሉም በታች አንድ ትንሽ ሣጥን አለች፤ «ድክመት፦ ቢያንስ አንድ» ትላለች። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ድክመት የሌለው ሰው ታሪክ የለውም የሚል ጽኑ እምነት ነበረኝ፤ ስለ ሌላው ሰው ማለቴ ነው።

የምንጫወተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባለቤቴ ሱቅ ነው። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰባት ሰዓት ላይ ሱቋን ትዘጋና የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ጠርጋ ለጨዋታው ትለቃለች። ጠረጴዛው ሰፊ ነው፤ ጠርዙ ላይ የሜትር ምልክት ስላለው፣ ዘንዶው ከጦረኛው ስንት ሣንቲሜትር ላይ እንደቆመ ለመለካት ይመቸኝ ነበር። ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው። አንዷ ራሷ ባለቤቴ ናት። ሁለተኛዋ ከሱቁ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትሠራው ጥርስ ሐኪም ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው ሊመልሱላት ከማይችሉ ሰዎች ጋር ስለምታወራ፣ ቅዳሜ መልስ የሚሰጣት ሰው ስታገኝ ማን ያስቁማት። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ መስመር ብቻ ስለነዱ፣ ካርታ የሌለው አገር መግባት እንደ እሳቸው የሚወድ ሰው አላየሁም።

እነዚህን ሦስት ሰዎች አሥራ አንድ ዓመት መራኋቸው። ወይም እነሱ እንደሚሉት፣ አሥራ አንድ ዓመት መለስኳቸው። ማንም ሰው ገጸ ባሕርይው ጨዋታ ውስጥ እንዲገባለት ከፈለገ ቅጹን በሳምንቱ መካከል ለእኔ ማስገባት አለበት፤ እኔ መርምሬ ቅዳሜ እመልስለታለሁ። የሐኪሟን አስማተኛ የመለስኳት ሁለት መቶ ዓመት ኖራለች ተብሎ ስለተጻፈ ነው፤ ተወለደችበት የተባለው መንደር የተቆረቆረው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነበር። የጋሼን ሌባ የመለስኩት ደግሞ በያዘው ዕቃ ምክንያት ነው። አሥራ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ገመድ፣ አንድ መሰላል። ክብደቱን ደምሬ አሳየኋቸው፤ ይህን ሁሉ ተሸክሞ እንኳን ግድግዳ ሊወጣ ከአልጋው አይነሳም አልኳቸው። የባለቤቴ ብቻ ነው በአንድ ጊዜ ያለፈው፤ ያለፈውም ስህተት ስላልነበረው ሳይሆን እኔም ቤቴ መግባት ስላለብኝ ነው።

በቀይ እስክሪብቶ መጻፉ ሲያደክመኝ ማህተም አሠራሁ። «ተመልሷል» የሚል፣ ዙሪያው ድርብ መስመር ያለው። ማህተም ሠሪው «የጸደቀ የሚለውንስ ልሥራልህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ለሁለቱ ዋጋ እቀንስልሃለሁም አለኝ። «እሱ እንኳ ብዙም አያስፈልገኝም» አልኩት። ሰውየው ትንሽ ቆም ብሎ አየኝ፤ የሥራዬን ጥራት ያደነቀ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። አንድ ሴት ልጅ አለችኝ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ እሷም ቅጽ ሞልታ አምጥታ ነበር። ልጄ ናት ብዬ እንዳላዳላ ተጠንቅቄ መረመርኩላትና መለስኩላት። አርማ አመጣች፤ መለስኩላት። ሦስተኛም አመጣች፤ እሱንም መለስኩ። አራተኛ አላመጣችም። ልጅ ናት፣ ሰለቻት አልኩና ረሳሁት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር የምታወራው በሁለት ቃል ነው፤ አንዱ «እሺ» ነው፣ ሁለተኛው «አይ» ነው። የዚህ ዘመን ልጆች እንዲህ ናቸው እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ አወራለሁ፤ እነሱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሞላት። ሩቅ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት፤ የአውቶቡስ ትኬቷ ተቆርጦ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጠፈ። ውሃ ልጠጣ በሄድኩ ቁጥር ቀኑን አየዋለሁ። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስቆጥረው አራት ቅዳሜ ቀርቷል።

ይህ በሆነበት ሳምንት ነው የጠረጴዛችን መፈንቅለ መንግሥት የተካሄደው። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ የጋሼ ሌባ ለሰባተኛ ጊዜ ተመልሶ ነበር፤ መሰላሉን ትተው ሁለት ቢላዋ ጨምረው አምጥተው ነበር። ጋሼ ቅጻቸውን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «አንተ ሰው፣ እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በሁለተኛው ፈተና ነው» ብለውኝ ሄዱ። በሳምንቱ እኔ ደብተሬንና ማህተሜን ይዤ ስገባ ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጧል። ልጄ ናት። ፊት ለፊቷ የካርቶን መከለያ አቁማለች፤ ጸጉሯን ጠቅልላ በባለቤቴ የልብስ ምልክት ማድረጊያ እርሳስ ወግታዋለች። ጋሼ ጎን የሌባው ቅጽ አለ፤ ሌባው አሥራ አራት ቢላዋውን እንደያዘ ጸድቋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«እስክትሄድ ድረስ እሷ ትመራናለች» አለች ባለቤቴ፣ መርፌ ከአፏ ሳታወጣ። «ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ሁለት ዓመት መርታለች። አታውቅም ነበር?»

አላውቅም ነበር።

«ጥሩ ነው» አልኩ፤ ክብሬ እንዳይነካ ፈገግ እያልኩ። «እኔም እንግዲህ እንደ ተጫዋች እቀመጣለኋ።» ወንበር ሳብኩ።

«አባዬ» አለች ልጄ። «ቅጽ ሞልተሃል?»

ሐኪሟ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈለገች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚባለው ለካ የሚሰፈረው ሰው ፊት ላይ እንዲህ ያስታውቃል። ማህተሜን እንኳ እጄ ላይ አላስቀሩልኝም፤ ባለቤቴ «የመሪው ዕቃ ነው» ብላ ተቀበለችኝና ለልጄ ሰጠቻት።

እውነቱን ልናገር። ጨዋታው አልነበረም ያሳሰበኝ። አራት ቅዳሜ ነው የቀረው፤ ልጄ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ባለሁበት አምስት ሰዓት ሙሉ ስታወራ የምትውልበት ቦታ ይህ ጠረጴዛ ብቻ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጥኩ ልጄን «እሺ» እና «አይ» እንዳለች አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ መስደዴ ነው። ስለዚህ ቅጽ ወሰድኩና መጋረጃ ወዳለው የልብስ መለኪያ ክፍል ገባሁ፤ እዚያ ቁጭ ብዬ መሙላት ጀመርኩ።

አሥራ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሰው የምፈጥረው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚመስል ታስባላችሁ? ስህተት አልነበረውም። ጦረኛ ነው፤ ቁጥሮቹ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ይደማመራሉ፤ የትውልድ መንደሩ ከእሱ አስቀድሞ ነው የተቆረቆረው። ድክመት የሚለው ሣጥን ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። ጭንቅላቴን ብበረብር፣ ብበረብር፣ የሚጻፍ አጣሁ። በመጨረሻ «ለሰው ብሎ ራሱን ይጎዳል» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው አልኩ።

ልጄ ተቀብላ አነበበችው። ከዚያ ማህተሙን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛውን እስኪያናውጥ መታችው። «ተመልሷል።» ከስሩ በቀይ ጽፋለች፦ «ይህ ድክመት አይደለም። ሰው ለሥራ ቅጥር ቃለ መጠይቅ ሲሄድ የሚለው ነገር ነው።»

ያን ቅዳሜ መጋረጃው ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። ወደ ቤት መሄድ እችል ነበር፤ ግን ድምጿን ሰማሁ። ልጄ ግዙፍ ሆና ስታጉረመርም፣ እንደ ጉረኛ ንጉሥ ስትቆጣ፣ ንግግሯን በመሐል እያቋረጠች እንደ ሰነፍ በረኛ ስታዛጋ። ጋሼ በሳቅ ትን ብሏቸው ሐኪሟ ጀርባቸውን ስትመታ ይሰማኛል። ፊት ለፊቴ ያለው ትልቅ መስታወት ውስጥ አንድ ሰውዬ ጆሮውን መጋረጃ ላይ ለጥፎ ተቀምጧል። ደንበኛ ሱሪ የሚለካበት መስታወት ክፉ ነው፤ ከሦስት አቅጣጫ ነው የሚያሳየው።

ሁለተኛው ቅዳሜ። ጦረኛውን ትቼ አስማተኛ ፈጠርኩ። ድክመት፦ «ከእውነት በቀር መናገር አይችልም»። ማህተም። «አባዬ፣ ይህንን ለራስህ የምትሰጠው ሽልማት ላይ ጻፈው።»

ሦስተኛው ቅዳሜ። ራሴን ዝቅ ለማድረግ ቆርጬ ተነሳሁና የአካል ጉድለት አገኘሁ። «ግራ ጉልበቱን ያመዋል፤ በተለይ ደረጃ ሲወርድ።» ማህተሙን ከመምታቷ በፊት ቅጹን ደግማ ስላነበበችው አለፍኩ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። «ይሄ ያንተ ጉልበት ነው። ሐኪም ጋ ሂድ» ብላ ጻፈች። ጥርስ ሐኪሟ ከወዲያ ሆና «እኔን ማለቷ አይደለም!» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አንድ ቅዳሜ ብቻ ቀርቶኛል።

ያን እሑድ የሠራሁትን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ጀምሬዋለሁ። ልሰርቅ ተነሳሁ። እኔ የመለስኩትን ሁሉ ኮፒውን ሰጥቼ ዋናውን የማስቀምጥ ሰው ነኝ፤ ቁም ሣጥኑ ላይ «የተመለሱ» የሚል ፋይል አለ፤ ወፍራም ነው። ከእነዚያ ሁሉ ቅጾች መካከል አንድ ጥሩ ድክመት አይጠፋም፣ ቃሉን ቀየር አድርጌ የራሴ አደርገዋለሁ አልኩ። መሰላል ላይ ወጥቼ (ጉልበቴ እያመመኝ) ፋይሉን አወረድኩና አልጋ ላይ ዘረገፍኩት።

እየገለበጥኩ ስሄድ በሕፃን ጽሕፈት የተሞላ ቅጽ አገኘሁ። የልጄ ነው። ገጸ ባሕርይዋ ባለፋኖስ ናት፤ ጨለማ መንገድ ላይ ከፊት እየሄደች ለሌሎቹ የምታበራ። ከጎኑ ሥዕል አለ፤ ፋኖሱ ከልጅቷ ይበልጣል። የመጀመሪያው ቅጽ ላይ ድክመቷ «ጨለማ ትፈራለች» ነው። እኔ በቀይ «ፋኖስ ተሸክሞ ጨለማ መፍራት እርስ በርሱ ይጋጫል» ብያለሁ። ሁለተኛው ላይ «ቶሎ ታለቅሳለች» ብላለች። እኔ «ቶሎ ማለት ስንት ደቂቃ ነው?» ብያለሁ። አይዟችሁ፣ እስቲ ሳቁብኝ፤ እኔም እዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነበር።

ሦስተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ድክመት፦ አባቷ ሲናገር ድምጿ ይጠፋል።»

ከስሩ የእኔ ቀይ ጽሕፈት፣ ቀጥ ያለ፣ የተዋበ፦ «በየትኛው ቁጥር ላይ ነው የሚቀነሰው? በተጨማሪም በሕይወት ታሪኩ መስመር አራት ላይ አባቷ በልጅነቷ ሞቷል ተብሏል። የሞተ ሰው አይናገርም። ይታረም።» ከዚያ ማህተሙ፤ ድርብ መስመሩ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል።

የመስመር አራትን ስህተት አገኘሁ እንጂ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ የጻፈችልኝን ደብዳቤ አላገኘሁትም። መርምሬዋለሁ፤ አላነበብኩትም። አለቀስኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልለካሁም።

ባለቤቴ ልብስ ልታጥፍ ስትገባ ቅጹን እጄ ላይ አየችው።

«አሁን ነው ያነበብከው?» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ስትጽፈው አጠገቧ ነበርኩ።»

«ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም?»

ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰችና ነው የመለሰችልኝ። «ሁለት ጊዜ ነግሬሃለሁ። አንዴ ራት ላይ፣ አንዴ መንገድ ላይ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። መንገድ ላይ እንደውም የአንድ ቤት በረንዳ ከደንቡ በላይ ወጥቷል እያልክ ትለካ ነበር።»

በረንዳውን አስታወስኩት። ሠላሳ ሣንቲሜትር ወጥቶ ነበር። ያለችኝን ግን አንዲት ቃል እንኳ አላስታውስም።

በዚያው ቀን አዲስ ቅጽ ሞላሁ። ጦረኛ አይደለም፣ አስማተኛም አይደለም፤ የድልድይ ዘበኛ ነው። ቁጥሮቹን እንኳ ደምሬ አላረጋገጥኩም፤ ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው የሥራ ባልደረባዬ ብቻ ነው። ድክመት የሚለው ሣጥን ውስጥ አንድም ጊዜ እስክሪብቶዬ ሳይቆም ጻፍኩ። ከዚያ የልጄን ሦስተኛ ቅጽ አወጣሁና ቀዩን ጽሕፈቴን በላጲስ ልፈገፍግ ሞከርኩ። ቀይ እስክሪብቶ አይለቅም፤ ለዚህም ነው የመረጥኩት። ወረቀቱ ሊቀደድ ሲል ተውኩትና ጎኑ ላይ በእርሳስ «ጸድቋል። ስድስት ዓመት ዘግይቷል፤ ጥፋቱ የመርማሪው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱን ቅጽ በአንድ ላይ አያያዝኳቸው።

አራተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ልጄ ሰኞ ጠዋት ነው የምትሄደው፤ ሻንጣዋ ከሱቁ ጥግ ቆሟል፤ ባለቤቴ ዚፑን ልትቀይርላት አምጥታው ነው። ቅጹን ሰጠኋትና ቆሜ ጠበቅሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እነዚህን ሰዎች ያቆምኩበት ቦታ ላይ ነው የቆምኩት፤ መብራቱ ዓይን ውስጥ እንደሚገባ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ወይም ነግረውኝ ይሆናል።

ልጄ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበች። «ድክመት፦ ሰው ሲነግረው አይሰማም። ስህተት ሲፈልግ ነገሩ ያልፈዋል።»

ጋሼ የሌባቸውን ቢላዋ መቁጠር አቆሙ። ልጄ ቀጥሎ ያለውን ወረቀት ገለጠች። ሥዕሉን አየችው፤ ፋኖሱን። ቀዩን አየችው፤ የተፈገፈገውን ቦታ በጣቷ ነካችው። ከዚያ የእርሳሱን ጽሕፈት። ከካርቶኑ ጀርባ ጎንበስ ስላለች ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ፊቷ ምን እንደሚል መናገር አልችልም። በኋላ ቀና አለችና በእኔው ድምፅ፣ በእኔው ቃል፦

«በየትኛው ቁጥር ላይ ነው የሚቀነሰው?» አለች።

«አላውቅም» አልኩ። «አንቺ ወስኚው።»

«አላውቅም» የሚለውን ቃል በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስናገር የመጀመሪያዬ መሆኑን ሐኪሟ በኋላ ነግራኛለች።

ልጄ አሰበች። «እንዲህ ይሁን። ማንም ሰው ለዘበኛው አንድ ነገር በነገረው ቁጥር ዘበኛው ዳይስ ይወረውራል። ከአሥር በታች ከወጣበት አልሰማም። ካልሰማ ደግሞ፣ እንደገና እንዲነገረው መጠየቅ ግዴታው ነው። ዝም ብሎ ማለፍ የለም።»

«እሺ» አልኩ።

ማህተሙን አነሳች። ገልበጥ አድርጋ አየችው። «የጸደቀ የሚለው የታለ?»

«አላሠራሁም» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀችና ጸጉሯ ውስጥ ካለው እርሳስ ጋር ታግላ አወጣችው፤ ቅጹ ላይ በትልልቁ «ይግባ» ብላ ጻፈች። የድሮውን ቅጽ ግን አልመለሰችልኝም፤ ከካርቶኑ ጀርባ አስቀመጠችው። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከመሪው ፊት ለፊት ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ዘበኛው ምን እንደደረሰበት ብነግራችሁ ቀኑ አይበቃም። ዳይሱ ጠላቴ ሆነ። ጋሼ «ጎንበስ በል!» ብለው ሲጮሁ አራት ወጣብኝ፤ «ምን አሉኝ?» ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ቀስቱ ቆቤን ይዞት ሄደ። ሐኪሟ ድልድዩ ሊፈርስ መሆኑን ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፤ ሦስቱንም አልሰማሁም። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ። «ምን አሉኝ? ደግመው ይንገሩኝ» ማለት ለአፌ እንግዳ ነበር፤ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ግን ምላሴ ለመደው።

ብርሃኑ ከመስኮቱ እየሸሸ ሳለ ድልድዩ ጫፍ ላይ ካለ ዋሻ አፍ ደረስን። ልጄ እጇን ከካርቶኑ ጀርባ አስገብታ የድሮውን ቅጽ አወጣችና ጠረጴዛው መሐል፣ ሁላችንም እንድናየው አስቀመጠችው።

«ከዋሻው ውስጥ አንዲት ሴት መጣች» አለች። «ፋኖስ ይዛለች። መንገዱን እስከዚህ ድረስ ያበራችላችሁ እሷ ናት፤ እስካሁን ግን ድምጿን ሰምታችሁ አታውቁም። አሁን ወደ ድልድይ ዘበኛው ቀረበችና ተናገረች።» ከዚያ በራሷ ድምፅ፣ በሌላ በማንም ሳይሆን በራሷ ድምፅ፦ «ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ዳይሱን ወረወርኩ። ተንከባሎ የመቁረጫው ጠርዝ ላይ፣ የሜትሩ ምልክት ጋ ቆመ። ሦስት።

ማንም አልሳቀም። በሁለቱም ጆሮዬ ሰምቻታለሁ፤ ዘበኛው ግን አልሰማም፤ ደንብ ደንብ ነው።

«ምን አልሽኝ?» አልኩ። «እባክሽ ደግመሽ ንገሪኝ።»

ልጄ የካርቶኑን መከለያ በእጇ ወደ ጎን አደረገችው። ሙሉ ፊቷን አየሁት።

«ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ ብቻዬን እሄዳለሁ ነው ያልኩህ» አለች። ድምጿ አልጠፋም። እንደውም መንገድ ላይ ያለ ሰው ሳይሰማው አይቀርም።

ሦስት ተቃውሞ ነበረኝ። አንደኛ፣ በቅጹ መሠረት ፋኖሱ ውስጥ ያለው ዘይት ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ አልተገለጸም። ሁለተኛ፣ ብቻዋን ዋሻ መግባት ለቅልጥፍናዋ ቁጥር ከባድ ነው። ሦስተኛው በጨዋታው ሳይሆን በሰኞው አውቶቡስ ላይ ነበር። ሦስቱንም ዋጥኳቸው።

«ሰማሁሽ» አልኩ። «ሂጂ። እኛ እዚህ ድልድዩ ላይ ነን።»

ጋሼ ዳይሱን ገፋ አድርገው ወደ እኔ መለሱት። «ሁለተኛው አልተወረወረም» አሉ፤ ደንብ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። «ሰምቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ይወርውር እንጂ።»

«ይተዉት ጋሼ» አለች ልጄ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል። «ሰምቷል።»